ደላላው ስንት ይውሰድ? ከማን? መቼ?

ረመዷን ሲገባ የቤት ነገር ከወትሮው ይልቅ ይነሳል። ለአፍጥር የጠራነው እንግዳ ሳሎኑን ሲሞላው ጥበቱ ይታየናል። ከተራዊህ ስንመለስ መንገዱ ይረዝምብናል። አከራይም «ከኢድ በኋላ ቤቱን እፈልገዋለሁ» የሚል ወሬ ይጀምራል። ሪያድ ወይም ዱባይ ያለች እህት ደግሞ ትደውልና «ብሩን እልካለሁ፣ ከኢድ በፊት አንድ ቤት ፈልጉልኝ» ትላለች። ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ በአብዛኛው የሚያልፈው በደላላ እጅ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ቤተሰብ ስለ ቤቱ ዋጋ ሌሊቱን ሙሉ ይማከራል፤ ሱሁር ላይ እንኳ ወሬው እሱ ነው። ስለ ደላላው ክፍያ ግን የሚነጋገረው መጨረሻ ላይ፣ እስክሪብቶ ከተነሳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጠብ ይነሳል። ጠቡ ደግሞ ከደላላው ጋር ብቻ አይቀርም። «አንተ ያመጣኸው ሰው ነው» እየተባባለ ወንድም ከወንድሙ ይኳረፋል። ስለዚህ ይህ ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ዘመዶቻችን በሚኖሩባቸው አገሮች ደግሞ እንዴት እንደሚሠራበት በዛሬው ገጻችን እንመለከታለን።

ከቤት ሽያጭ እንጀምር። በአዲስ አበባ የተለመደው አነጋገር «ሁለት ፐርሰንት» ነው፤ ከገዢ 2 በመቶ፣ ከሻጭም 2 በመቶ። ይህ ልማድ ነው። ልማድ በመሆኑም መደራደር ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን እንደ መንግሥት ታክስ ቆጥሮት ዝም ብሎ ይከፍላል። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ የገዢው 120 ሺህ፣ የሻጩም 120 ሺህ ይሆናል። በአንድ ሽያጭ ላይ 240 ሺህ ብር ማለት ነው። ደላሎቹ ሦስት ወይም አራት ከሆኑ (አንዱ ቤቱን ያውቃል፣ አንዱ ገዢውን ያውቃል፣ አንዱ ሁለቱን ያውቃል) ይህን ገንዘብ ይካፈሉታል። እንዴት እንደሚካፈሉት የእነሱ ጉዳይ ነው። የእኛ ጉዳይ የሚሆነው ከመካከላቸው አንዱ «የእኔ ድርሻ አልደረሰኝም» ብሎ በራችንን ሲያንኳኳ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ደላላው የሚያገኘው በመቶኛ ስለሆነ ዋጋ እንዲወደድ ይፈልጋል ብለን እናስባለን። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ተከራክረን ቤቱን ከ6 ሚሊዮን ወደ 5 ሚሊዮን 800 ሺህ ብናወርደው ለእኛ 200 ሺህ ብር ይተርፈናል፤ ደላላው ከእኛ በኩል የሚያጣው 4 ሺህ ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ የሚያስጨንቀው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ነገ የለም» የሚለው ችኮላ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሻጩንም እንዲሁ «ይህ ገዢ ካመለጠህ ሌላ አታገኝም» ይለዋል። ሁለቱንም ወገን የሚያጣድፍ ሰው ለሁለቱም ወገን ይመክራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

በኪራይ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። «አሥር ፐርሰንት» የሚል ቃል በየሰፈሩ ይሰማል። የምን አሥር ፐርሰንት? ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወርኃዊ ኪራዩ 20 ሺህ ብር የሆነ ቤት እንውሰድ። ከአንድ ወር ኪራይ ከታሰበ 2 ሺህ ብር ነው። በቅድሚያ ከተከፈለ የስድስት ወር ኪራይ ከታሰበ 12 ሺህ ይሆናል። ከአንድ ዓመት ውል ከታሰበ 24 ሺህ ይደርሳል። ሦስቱም «አሥር ፐርሰንት» ናቸው። ተከራዩ በልቡ የመጀመሪያውን ይዞ፣ ደላላው ሦስተኛውን ይዞ፣ ሁለቱም «ተስማምተናል» ብለው ይጨባበጣሉ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ሒሳብ ከበፊቱ ይበልጥ አሳሳቢ አድርጎታል። አዋጁ በምክር ቤት የጸደቀው በዚያው ዓመት በረመዷን ወር ውስጥ እንደነበር የሚያስታውሱ አንባቢዎች ይኖራሉ። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ይህ ለተከራይ ቤተሰብ ትልቅ ጥበቃ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ደላላው ሒሳብ እንመለስ። ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ከሆነ፣ «ከጠቅላላው ውል አሥር በመቶ» የሚል ደላላ የ20 ሺህ ብሩን ቤት በ24 ወር አባዝቶ 480 ሺህ፣ ከዚያም 48 ሺህ ብር ሊጠይቅ ይችላል። «በቅድሚያ ከተከፈለው አሥር በመቶ» ከተባለ ግን ቅድሚያው ከሁለት ወር ስለማይበልጥ 4 ሺህ ብር ነው። በአንድ ቃል ምክንያት 44 ሺህ ብር ይለያያል። ስለዚህ ቤት ለማየት ከመነሳታችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባን «ስንት ፐርሰንት?» ብቻ ሳይሆን «ከምን ላይ?» የሚለውን ነው። መልሱንም በመቶኛ ሳይሆን በብር ቆጥሮ እንዲነግረን እናድርግ። በብር ሲነገር ሁሉም ይገባዋል፣ እናታችንም አያታችንም።

ከመቶኛው ሌላ ብዙ ጊዜ የሚደበቅ አሠራርም አለ። ሻጩ «ለእኔ 5 ሚሊዮን ተኩል ይግባልኝ፣ ከዚያ በላይ ያገኘኸው ያንተ ነው» ይላል። ደላላው ለገዢው 6 ሚሊዮን ይጠራል። ገዢው ከሻጩ ጋር በዋጋ ፊት ለፊት እንዳይነጋገር ይደረጋል፤ ስልክ ቁጥርም አይሰጥም። ልዩነቱ 500 ሺህ ብር ሆኖ ሳለ በላዩ ላይ ደግሞ ከገዢው 2 በመቶ ይጠየቃል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመፈራረም በፊት ገዢና ሻጭ፣ ደላላውም ባለበት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ዋጋውን ጮክ ብለው ይናገሩ። ይህን የሚከለክል ደላላ ካጋጠመን ምክንያት አለው ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ ለሙስሊም ቤተሰብ አዲስ አይደለም። «ደላላ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው «ደላል» የመጣ ነው፤ መንገድ የሚያሳይ፣ የሚያመላክት ማለት ነው። «ደሊል» የምንለውም ከዚያው ሥር ነው። በጥንቱ ዐረብኛ ሌላው ስሙ «ሲምሳር» ነው። ኢማም ቡኻሪ በሐዲስ ስብስባቸው ለሲምሳር ክፍያ ራሱን የቻለ ርዕስ ሰጥተውታል፤ ኢብን ሲሪን፣ ዐጣእ፣ ኢብራሂምና ሐሰን በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩም ጠቅሰዋል። «ከዚህ በላይ ያገኘኸው ያንተ ነው» የሚለውንም አሠራር ኢብን ዐባስ ችግር እንደሌለው መናገራቸውን እዚያው አስፍረዋል። ብዙኃኑ የፊቅህ ሊቃውንት ግን የደሞዙ መጠን አይታወቅም በሚል ይህኛውን አልተቀበሉትም፤ ከኢማም አሕመድ ዘንድ ፈቃዱ አለ። የትኛውን እንደምንይዝ ከኡስታዞቻችን ጋር እንመካከርበት። ልብ ልንል የሚገባን ግን የፈቀዱትም ሊቃውንት የተናገሩት ባለቤቱ አውቆ፣ በራሱ አንደበት «ያንተ ነው» ስላለው ትርፍ መሆኑን ነው። ባለቤቱ 5 ሚሊዮን ተኩል ተሸጠ ተብሎ፣ ገዢው 6 ሚሊዮን የከፈለበት ነገር ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በግልጽ ተከልክለዋል። አንዱ «ነጅሽ» ነው፤ መግዛት ሳይፈልጉ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ መጨመር። ዛሬ ይህ በስልክ ይደረጋል። ቤቱን አይተን ስንወጣ የደላላው ስልክ ይጮኻል፣ «ሌላ ገዢ 200 ሺህ ጨምሯል» ይባላል፤ ያ ገዢ ግን የለም። ሁለተኛው የከተማ ሰው ከገጠር ለሚመጣው ሰው አይሽጥለት የሚለው ክልከላ ነው። ኢብን ዐባስ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቁ ሲምሳር አይሁንለት ማለት ነው ብለው አብራርተዋል። ሊቃውንት በዚህ ክልከላ ዝርዝር ላይ ብዙ ተነጋግረዋል። የገበያውን ዋጋ የሚያውቅና የማያውቅ ሰው ሲገናኙ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ግን ከክልከላው መረዳት አያዳግትም። ከወሎም ከጅማም መጥቶ በአዲስ አበባ ለልጁ ቤት የሚፈልግ አባት፣ ከጂዳ ለሦስት ሳምንት መጥታ በኢድ ማግስት የምትመለስ እህት፣ ሁለቱም ዋጋ አያውቁም።

ደላላውን ብቻ ወቅሰን ብናልፍ ግን ፍትሐዊ አንሆንም። ቤተሰቦች በደላላ ላይ የሚያደርጉትም አለ። ቤቱን ያሳየን፣ በጾም አፉ ከቦሌ ቡልቡላ እስከ ዓለም ባንክ አብሮን የዞረ ሰው አለ። ቤቱን ከወደድነው በኋላ «ሐሳባችንን ቀይረናል» ብለነው ማታ ከአከራዩ ጋር ብቻችንን የምንዋዋል ጥቂት አይደለንም። ብልጥነት ይመስለናል። የሠራተኛ ደሞዝ ላቡ ሳይደርቅ ይሰጠው የሚለውን ትምህርት ለቤት ሠራተኛና ለግንበኛ እንጂ ለደላላ አናስበውም። እግሩ የደከመው ግን የእሱም ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እነዚህ ሰዎች «ሰማሲራ» ይባሉ እንደነበር፣ ነቢዩም ከዚያ በተሻለ ስም «ነጋዴዎች ሆይ» ብለው እንደጠሯቸውና ንግድ ውስጥ ከንቱ ወሬና መሐላ ስለሚገባ በሶደቃ ቀላቅሉት እንዳሏቸው ቀይስ ኢብን አቢ ገረዛ አስተላልፈዋል፤ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ይገኛል። የተሻለ ስም የተሰጠው ሙያ ነው።

ከሕግ አንጻርም ደላላ ለረጅም ጊዜ ባለ ስም ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን ራሱን ችሎ፣ ሙያዬ ብሎ፣ ለጥቅም ሲል ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ተርጉሞት ነበር፤ ሽያጭም ሆነ ኪራይ በዚያ ውስጥ ተጠቅሰዋል። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ደግሞ ንግድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ስለዚህ «ፈቃድ አለህ ወይ? የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርህ ስንት ነው? ደረሰኝ ትሰጠናለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በየመንገዱ ዳር፣ በየካፌው የምናገኛቸው ብዙዎቹ ፈቃድ የላቸውም። ይህ ማለት ሁሉም አታላይ ናቸው ማለት አይደለም፤ ከመካከላቸው ቃላቸውን የሚያከብሩ፣ ሰፈሩ የሚመሰክርላቸው ሞልተዋል። ችግር ሲመጣ ግን ፈቃድ ያለውን የት እንደምናገኘው እናውቃለን።

የሪል ስቴት ኩባንያዎች የሽያጭ ሠራተኞች ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። እነሱ ኮሚሽናቸውን የሚያገኙት ከኩባንያው ነው፤ ከእኛ በእጅ የሚቀበሉት የለም። በጥሩ ቋንቋ ያናግሩናል፣ መኪና ይልኩልናል፣ ሻይ ይጋብዙናል። ያም ሆኖ የሻጩ ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ። ከኩባንያው ውጭ ያለ ሌላ ደላላ ይዞን ከሄደ ደግሞ እሱም ከኩባንያው ኮሚሽን ሊያገኝ ይችላልና፣ ከእኛም ከመጠየቁ በፊት ይህን በግልጽ እንጠይቀው።

ዘመዶቻችን ያሉበትን አገር ስናይ መንገዱ ይለያያል። በሳዑዲ ዐረቢያ ከ1398 ዓመተ ሒጅራ ጀምሮ የቤት ደላላ ኮሚሽን ከ2.5 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጎ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ በ2023 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የሪል ስቴት ድለላ ሕግ ደግሞ ወገኖቹ በጽሑፍ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ክፍያው በሽያጭ ከዋጋው 2.5 በመቶ፣ በኪራይ ከመጀመሪያው ዓመት ኪራይ 2.5 በመቶ ነው ይላል። ደላላው «ፋል» የተባለ ፈቃድ ሊኖረው፣ ከደንበኛው ጋርም የጽሑፍ ውል ሊያደርግ ይገባል። ልብ እንበል፤ ሕጉ «ከምን ላይ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ መልሶታል፣ ከመጀመሪያው ዓመት ኪራይ። የእኛ የ20 ሺህ ብሩ ቤት ሪያድ ቢሆን ኖሮ ውሉ የሁለትም የአምስትም ዓመት ይሁን ኮሚሽኑ 6 ሺህ ብር በሆነ ነበር።

በዱባይ ደላላው በመሬት መምሪያው ሥር ባለው ተቆጣጣሪ ተመዝግቦ መታወቂያ ካርድ ይይዛል። በሽያጭ የተለመደው 2 በመቶ ሲሆን በኪራይ ከዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ ነው፤ በኮሚሽኑ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ይህን ለምደውታልና አዲስ አበባ ሲመጡ ካርድ የሌለው፣ ውል የማይጽፍ ደላላ ሲገጥማቸው ግራ ይገባቸዋል። ቤተሰብም «እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ ዝም ያሰኛቸዋል። እኛ ግን ጥያቄያቸውን ብንሰማ እንመርጣለን።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ በቅርቡ ትልቅ ለውጥ ሆኗል። በአሜሪካ ሻጩ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይከፍልና የሻጭና የገዢ ወኪሎች ይካፈሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በካንሳስ ሲቲ የተሰየመ የዳኞች ሸንጎ ይህ አሠራር ውድድርን የሚያፍን ነው ብሎ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ ፈረደ። የአገሪቱ የሪልተሮች ማኅበር በመጋቢት 2024 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከነሐሴ 17 ቀን 2024 ጀምሮም ወኪሎቹ በሚጠቀሙበት የቤቶች ዝርዝር ላይ ለገዢ ወኪል የሚሰጠውን ክፍያ ማስታወቅ ቀረ፤ ገዢውም ከወኪሉ ጋር ክፍያውን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል ሳይፈርም ቤት መጎብኘት አይችልም። እንግዲህ በዚያ አገርም ለስንት ዓመት «የታወቀ ነው» ሲባል የኖረ መቶኛ፣ ማን ለማን እንደሚከፍል በግልጽ ሲጠየቅ ሊቆም አልቻለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ስለ ቀብድ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ የደላላው ጥድፊያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ለሻጩ ወይም ለሕጋዊ ወኪሉ ይሰጣል እንጂ ለደላላ አይሰጥም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭም በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው ላይ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ክፍለ ከተማ ሄዶ የሚያጣራው ቤተሰቡ ራሱ ይሁን። ደላላው «ንጹሕ ነው» ቢልም ቅር ሳንሰኝ እንሂድ፤ እሱ የሚከፈለው ለማገናኘቱ ነው።

ኮሚሽኑ የሚከፈልበት ጊዜም መወሰን አለበት። አንዳንድ ደላላ ቀብድ የተሰጠ ዕለት ይጠይቃል። ከዚያ ውሉ ቢፈርስ ገንዘቡን ማስመለስ ጭንቅ ነው። በፊቅህ «ጁዓላ» የሚባለው አሠራር ለዚህ ይቀርባል፤ ክፍያው የሚገባው የተባለው ሥራ ሲጠናቀቅ ነው። ለማሳየት ብቻ የሚከፈል የታክሲ ገንዘብ ካለ እሱም ለብቻው ይነገር፣ ከኮሚሽኑ ይቀነስ አይቀነስ ይታወቅ።

እህታችን ከሪያድ ብር ስትልክ ከብሩ ጋር ይህን ወረቀት እንድታገኝ እናድርግ። ውክልና የያዘው ወንድሟ ደላላውን ከማስከተሉ በፊት ይጻፈው። ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦

«በ… ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ … የሚገኘውን ቤት ለመግዛት እንዲያገናኘኝ ከአቶ … ጋር ተስማምቻለሁ። ከእኔ የሚያገኘው ከሽያጩ ዋጋ … በመቶ፣ በብር … ነው። ከሻጩ የሚያገኘውንም አሳውቆኛል። ክፍያው የሚፈጸመው የሽያጩ ውል በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት በተመዘገበ ዕለት ነው። ግዢው ካልተፈጸመ ክፍያ የለም። ይህን ቤት ያሳየኝ እሱ ስለሆነ፣ ቤቱን ወደፊት ብገዛ ክፍያውን አልከለክለውም።» ቀን፣ የሁለቱ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ።